ክር፣ ካርታና ማስቲሽ

ሰሞኑን የመኪናዬ ጎማ ተንፍሶ ሳሪስ መንገድ ዳር ካለ ጎሚስታ ዘንድ ቆሜ ነበር። ልጁ የውስጡን ጎማ አወጣና ውሃ በሞላበት ግማሽ በርሜል ውስጥ እያዟዟረ ነከረው። አረፋ የሚተፋበትን ቦታ ሲያገኝ ምልክት አደረገበት፣ በጨርቅ አደረቀው፣ በብርጭቆ ወረቀት ሸካራ እስኪሆን ፈተገውና የማስቲሹን ቆርቆሮ ከፈተ። ሽታው አፍንጫዬ እንደደረሰ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ሰማሁ። የግንቦት ፀሐይ ግን አናት ይበሳ ነበር።

ያ ዝናብ የሚወርደው አሮጌው አየር ማረፊያ አካባቢ በተከራየነው ግቢ ነው። ዘመኑ የ1980ዎቹ መጨረሻ፣ እኔ ገና ወጣት፣ ሥራዬም የውጭ አገር እንግዶችን በጎማ ጀልባ ኦሞን ለሚያወርድ ቡድን ዕቃ መግዛትና ማስተርጎም። ክረምቱን ሙሉ ወንዙ ሞልቶ አይነካም፤ የእኛ ሥራ የሚጠነክረው ግን ያኔ ነበር። በረንዳው ላይ ሸራ ወጥረን፣ ጀልባዎቹን ነፍተን፣ ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠን እናስተኛቸዋለን። ዓምና የኦሞ ድንጋይ የፋቀው ቦታ ሁሉ በሳሙና ውሃ ታጥቦ፣ አየር የሚያስወጣው እየተለየ ይጠገናል። ማስቲሹ የሚቀባው ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ተጠጥቶ ይደርቃል፤ ሁለተኛው፣ ጣት ሲነካው ቆንጠጥ አድርጎ ይዞ ሲለቅ፣ ያኔ ልጥፉ ይቀመጥና ከመሃል ወደ ዳር በጠርሙስ ይዳመጣል። ዝናብ ባለበት ቀን ቶሎ ስለማይደርቅ ላምባ ምድጃ አጠገብ እናቀርባለን፤ በጣም ካቀረብነው ደግሞ ማስቲሹን እሳት ይይዘዋል። ከጀልባው አጠገብ ሁልጊዜ እርጥብ ጆንያ ይዞ የሚቆም ሰው ነበር። ያን ጊዜ የእኔ ቦታ ያ ነበር።

ስለ ኦሞ የሚጠይቁኝ ሰዎች ሁሉ ስለ አዞው፣ ስለ ጉማሬው፣ አረፋ ደፍቆ ስለሚወርደው ውሃ እንድነግራቸው ይፈልጋሉ። እውነት ለመናገር እኔ ውስጥ ጠልቆ የቀረው መሰናዶው ነው። ወንዙ ላይ ስንወርድ ቀኑ ይሮጣል፣ ሁሉም ነገር በጩኸትና በውሃ ይደባለቃል። ክረምቱ ግን ረጅም ነበር፤ ያላየነውን ነገር ቁጭ ብለን የምናስብበት።

ካርታ ለመግዛት ደብዳቤ ጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ ከሂልተን ፊት ለፊት ወደነበረው የካርታ ሥራዎች ድርጅት መሄድ ነበር። 1፡50,000 የሚባለውን ነው የምንገዛው፤ በዚያ ካርታ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ማለት መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ወንዙ ረጅም ስለሆነ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አጋጥመን ሳሎኑ ወለል ላይ ስንዘረጋቸው ከበሩ እስከ መስኮቱ ይደርሳሉ። የቡድኑ መሪ በጉልበቱ ተንበርክኮ የልብስ መስፊያ ክር በወንዙ ጥምዝምዝ ላይ እያስተኛ ይሄዳል። ከፍታ የሚያሳዩት ቡናማ መስመሮች በየ20 ሜትሩ ናቸው። አንዱ መስመር ወንዙን በሚያቋርጥበት ቦታ ሁሉ ክሩን ይቋጥረዋል። ሲጨርስ ክሩን አንስቶ ቀጥ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋዋል። ቋጠሮዎቹ የሚራራቁበት ቦታ ውሃው ተኝቷል፤ የሚቀራረቡበት ቦታ ወንዙ በአጭር መንገድ 20 ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። እኛም ክሩን በጣታችን እየዳሰስን፣ ገና ውሃውን ሳናይ፣ የትኛው ቀን እንደሚከብደን እናውቅ ነበር።

ካርታ ድንጋይ አያሳይም። ለዚያ ደግሞ ሌላ ዘዴ ነበረ። ከጎን ወደ ኦሞ የሚገቡትን ጅረቶች አንድ በአንድ በቀይ እርሳስ እንከባለን። ክረምት ላይ ጅረቱ ከተራራው ያንከባለለውን ቋጥኝ ሁሉ አፉ ላይ ይጥለዋል፤ ትልቁ ወንዝ ያን ለመዝለል ሲል ነው የሚያረፋው። ስለዚህ ጅረት ባለበት ራፒድ ይጠበቃል። እንግዶቹ ከሚመጡበት አገር ወንዝን ከ1 እስከ 6 በደረጃ ይከፍሉታል፤ 1 ልጅ የሚዋኝበት፣ 6 ሰው ሊወርደው የማይገባ። የእኛ ወረቀት ላይ ቀይ ክብ ብቻ ነው ያለው። ደረጃው የሚታወቀው ጀልባውን ዳር አስይዘን፣ ወርደን በእግር ስናየው ነው።

በዚያው የጎሚስታው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ጎሊ ወንዝ ልንወርድ ነው፤ ምን ምን እናዘጋጅ?» አለችኝ። እዚያው አድጋ ነርስ ሆናለች፤ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ነው የሚሄዱት። ጎሊ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ፣ ከእነሱ የአምስት ሰዓት ያህል መንገድ የሚርቅ ወንዝ ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ውስጥ 200 ሜትር ያህል ይወርዳል፣ ከ100 በላይ ራፒድ አለው፤ የላይኛው ክፍል ላይ ያሉት ታዋቂዎቹ አምስቱ ደረጃቸው 5 ነው። ስልኳ ላይ የእያንዳንዱን ስም፣ ፎቶ፣ በየት በኩል እንደሚገባበት ሳይቀር አሳየችኝ። ክሩን ልነግራት አሰብኩና እሷ ጥያቄዋን ቀጠለች፤ የብርድ ልብስ ያስፈልጋል ወይ፣ መነጽር ቢወድቅስ፣ መዋኘት በደንብ የማትችል ጓደኛ አለችኝ፣ የት ትቀመጥ።

ጥያቄዎቿ ደስ አሰኙኝ። የውሃውን ነገር ግን አላነሳችም። እኛ ስንነጋገር የመጀመሪያው ቃል እሱ ነበር፦ ውሃው መቼ ይሆናል?

በወንዝ መውረድ ላይ ከዚህ የከበደ ውሳኔ የለም፤ የዓባይን ታሪክ ያየ ይረዳዋል። በ1960 ዓ.ም. ክረምት የእንግሊዙ መኮንን ብላሽፎርድ ስኔል የመራው ትልቅ ጉዞ ዓባይን በነሐሴ ሙላት ነው የገባበት፤ ውሃው ከፍ ሲል ድንጋዩን ይሸፍነዋል በሚል። ውሃው ድንጋዩን ሸፈነ፤ ግን ያ ጉዞ አንድ ባልደረባውን ለውሃ ሰጥቷል። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ስካቱሮና ብራውን የተባሉት አሜሪካውያን ከምንጩ ተነስተው ሜዲትራንያን ባሕር የደረሱት በታኅሣሥ ጀምረው፣ ውሃው ጎድሎ ድንጋዩ አፍጦ በሚታይበት ወራት ነው። አንዱ የማይታይ ድንጋይን፣ ሌላው የሚታይ ድንጋይን መረጠ። እኔ ብጠየቅ የሚታየውን እመርጣለሁ።

ለኦሞ የተመረጠው ወራት በሁለቱ መሃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ወንዙን ለመጀመሪያ ጊዜ በጎማ ጀልባ የወረዱት ሶቤክ የሚባሉት አሜሪካውያን ወጣቶች ናቸው፤ ስማቸውን ከጥንት ግብፃውያን የአዞ አምላክ ወስደው። ከእነሱ በኋላ የመጣው አብዛኛው መስከረምና ጥቅምትን ይዞ ነው የወረደው። ሙላቱ ሲያልፍ ገደሉ ሥር አሸዋው ብቅ ይላል፤ አሸዋ ከሌለ ደግሞ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ የለም። ብዙ ከተጠበቀ ውሃው ይሳሳና ጀልባው ቋጥኝ ላይ ይቀመጣል።

ስለዚህ ነሐሴ ሲያልቅ እኔ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ኦሞ ከላይ ጊቤ ተብሎ ወደሚጠራበት፣ ጊቤ ድልድይ እላካለሁ። ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፣ ብርዱ ከኋላ ይቀራል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። ድልድዩ ላይ ወርጄ ወደ ምሰሶው እሄዳለሁ። ውሃው ወተት የበዛበት ቡና መልክ አለው፤ ግንድ፣ ቅጠል፣ አንዳንዴ የሞተ ከብት ይዞ ይወርዳል። ምሰሶው ላይ የትናንቱ ውሃ ጥሎት የሄደው የጭቃ መስመር አለ፤ ከዚያ በላይ የባለፈው ሳምንት፣ ከዚያ በላይ ነጣ ያለ የነሐሴ። በሦስቱ መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት በዓይኔ ለክቼ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። መስመሮቹ እየተራራቁ ከመጡ ውሃው ለመውረድ ቸኩሏል። ከዚያ ማንጎ የሚሸጡትን ሴቶች፣ ከብት የሚያጠጡትን ልጆች እጠይቃለሁ። መልሳቸው ሁሌም ቀን ቆጥሮ ሳይሆን በዓል ጠርቶ ነው፤ «ከመስቀል በፊት አትሞክሩት» ይሉኛል። ትክክል ነበሩ።

የጊቤ ሸለቆ ያኔ ዛሬ የሚታየው ዓይነት እርሻ አልነበረውም። የቆላ ዝንብ ከብቱን በገንዲ እየፈጀ ሰውን አርቆት የኖረ አገር ነው። ተመራማሪዎች ዝንቡን ለማጥፋት የተከሏቸው ሰማያዊና ጥቁር ጨርቆች ከመንገዱ ዳር ይታዩ ነበር፤ ዝንቡ ሲቀንስ ሰው በሬውን ይዞ ወረደ። እኛም ዝንቡ ሰማያዊ ልብስ እንደሚወድ ስለምናውቅ ለእንግዶች የምንልከው ዝርዝር ላይ «ሰማያዊ ሸሚዝ አታምጡ» የሚል አለበት። ከሱ ቀጥሎ የወባ ክኒን፣ ከሱ ቀጥሎ ባርኔጣ በማሰሪያ።

ስንቅ የባሻዬ ነው። ባሻዬ እያልን የምንጠራቸው የምግብ ሰው ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ማንኪያ እንኳ ያለ ቦታው አያስቀምጡም። እንግዶቹ ማካሮኒና የቆርቆሮ ዓሣ ይበላሉ። እኛ ግን ያለ እንጀራ ያን ሁሉ ጊዜ? ድርቆሹ የሚዘጋጀው ክረምቱ ሳይገባ፣ በሰኔ መጀመሪያ ፀሐይ ነው፤ እናቴና እህቴ ነበሩ የሚያደርቁልን፣ ሰሌን ላይ ዘርግተው፣ ዶሮ እየከለከሉ። ቋንታው ማድ ቤት ጭስ ላይ ይሰነብታል። በሶው፣ ሽሮው፣ በርበሬው በተለያየ ጀሪካን ይገባል፤ ክዳኑ በሻማ ይታሸጋል። ባሻዬ ረቡዕና ዓርብን ወንዝ ላይም አይሽሩም፤ የጾሙን ሽሮ ለይተው ያስቀምጣሉ። ከመርካቶ ገመድና ሸራ ይዤ ስመጣ ገመዱን በእጃቸው ጎትተው፣ ጥርሳቸው ላይ አድርገው፣ ነገረ ሥራውን አይተው ነው የሚቀበሉኝ። «ገመድ የሚመረመረው እዚህ ነው፤ እዚያማ እሱ ነው እኛን የሚመረምረን» ይሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጉዞ ለሌላ ቀን ይሁን፤ አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ቀይ ክብ ያደረግንበት ቦታ ስንደርስ፣ ገና ድምፁ ሲሰማ፣ ጀልባዎቹ ዳር ይይዛሉ። መሪው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ያያል። ከዚያ እኔን ግንድ እንድወረውር ያዘኛል። ግንዱ በግራ ከገባ የት እንደሚወጣ፣ በቀኝ ከገባ ስንት ጊዜ እንደሚገለበጥ እያየን እንቆጥራለን። አንዳንዱ ግንድ ውሃው ድንጋይ ዘልሎ ወደ ራሱ ከሚታጠፍበት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ እዚያው ሲሽከረከር ይቀራል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ጀልባውን በገመድ ከዳር እየያዝን እናሳልፋለን፣ ሰው በእግር ይሄዳል። ሳሎን ወለል ላይ በክር የዳሰስኩትን ቋጠሮ በዓይኔ ሳየው የሚሰማኝ ነገር ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ የሚያውቁትን ሰው ከብዙ ደብዳቤ በኋላ በአካል የማግኘት ያህል ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዳውሮ፣ ሃላላ ኬላ ሄድኩ። ቦታው ስሙን የወሰደው ከንጉሥ ሃላላ የድንጋይ ካብ ነው። እዚያ ካለው መዝናኛ በረንዳ ወደ ታች ሲያዩ ኦሞ ላይ የተሠራው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ሐይቅ ተዘርግቷል፤ ሰማያዊ፣ ሰፊ፣ ድምፅ የሌለው። ግድቡ 243 ሜትር ከፍታ አለው፤ ውሃ መያዝ የጀመረው በ2007 ዓ.ም.፣ የተመረቀው በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ነው፤ ሐይቁ ሸለቆውን ይዞ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ይሄዳል። እስከ ጊቤ ድልድይ አይደርስም፤ ከድልድዩ በታች ያለው የመጀመሪያው ክፍል አሁንም ይፈስሳል። ቀይ ክቦቻችን የበዙበት ግን ከሐይቁ ሥር ነው።

ሞተር ጀልባ ተሳፈርኩ። የሚነዳው ልጅ ጨዋ ልጅ ነው፤ ላይፍ ጃኬቴን ራሱ አሰረልኝ። ወደ ማዶ እየወሰደኝ ሳለ ተራሮቹን አየሁ። ጫፋቸውን አውቀዋለሁ፤ ያኔ አንገቴን ሰብሬ ሽቅብ የማያቸው ነበሩ፣ አሁን ከጎኔ ናቸው። የሐይቁ ዳር በየገደሉ ውስጥ እየገባ እየወጣ፣ ከፍታውን ሳይለቅ ይዞራል። ያን ጊዜ ገባኝ፤ የማየው ዳርቻ ከካርታው ቡናማ መስመሮች አንዱን ይዞ ነው የሚሄደው፣ 890 ሜትር አካባቢ ያለውን። ከሱ በታች ያሉት መስመሮች፣ ክሩ ላይ ያሉት ቋጠሮዎች፣ ጅረቶቹ የጣሉት ቋጥኝ፣ ድንኳን የተከልንበት አሸዋ፣ ፍል ውሃ የሚንጠባጠብበት ግድግዳ ሁሉ እግሬ ሥር ነው። ልጁን «እዚህ ጋ በጣም የሚጮህ ውሃ ነበር» አልኩት። በትህትና ራሱን ነቀነቀ። እሱ ሲወለድ ወንዝ የነበረ፣ ሲያድግ ሐይቅ የሆነ አገር ነው ያለው፤ ሥራውም እንጀራውም ሐይቁ ላይ ነው።

ግድቡን አልጠላም። 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ነገር በሻማ ላጠና ሰው ቀላል አይደለም። የሚያሳስበኝ ከግድቡ በታች ያለው ነው። ኦሞን ስንወርድ መጨረሻ ላይ የቦዲ፣ የክዌጉና የሙርሲ አገር እንደርሳለን። እነሱ ሙላቱ ሲሸሽ ጥሎት የሚሄደው ጥቁር ጭቃ ላይ ማሽላ ይዘራሉ፤ ውሃ ሸሽ እርሻ የሚባለው ነው። እኛ ውሃው መቼ ይጎድላል እያልን ምሰሶ ስንለካ፣ እነሱም ያንኑ ጉድለት ጠብቀው ዱላቸውን ጭቃው ውስጥ እየሰኩ ይፈትኑ ነበር። የምንጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ለእኛ ጉዞ፣ ለእነሱ የዓመት እህል። ዛሬ ያ ውሃ የሚወርደው ተርባይኖቹ በሚያስፈልጋቸው ልክ ነው። በግድቡ ጥናት ላይ በመስከረም አካባቢ ለአሥር ቀን ሰው ሠራሽ ጎርፍ ይለቀቅላቸዋል ተብሎ ታቅዶ ነበር። ከሥሩ ደግሞ ኮይሻ የተባለ ሌላ ግድብ እየተገነባ ነው።

የእህቴን ልጅ ጥያቄ ስመልስ የሰመርስቪልን ግድብ ነገር አነበብኩ። ጎሊ ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ያለቀ፣ 119 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ነው፤ ጋድ የሚባል መንደር ከሐይቁ ሥር ቀርቷል። በየዓመቱ መጸው ሲገባ ለሚመጣው ጎርፍ ቦታ እንዲኖር ሐይቁን ዝቅ ያደርጉታል። ጀልባ ወራጆች ተሰብስበው ጠየቁ፣ ተከራከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ኮንግረሱ በሕግ ወሰነላቸው። አሁን ውሃው ከአሜሪካኖቹ የሠራተኞች ቀን በኋላ ካለው ዓርብ ጀምሮ ስድስት ሳምንት ገደማ፣ በታወቁ ቀናት፣ በሴኮንድ 80 ሜትር ኩብ ያህል ይለቀቃል። ያ ዓርብ በነሐሴ መጨረሻ፣ በጳጉሜን ወይም በእንቁጣጣሽ ላይ ይውላል። የእህቴ ልጅ «ውሃው መቼ ይሆናል?» ብላ ያልጠየቀችኝ ለዚህ ነው፤ ቀኑ ታትሞ ወጥቷል።

ለመዝናኛ የሚሆን ውሃ ቀኑ በሕግ ከተጻፈ፣ ማሽላ ለሚዘራ ሰው የሚሆን ውሃ ይበልጥ መጻፍ አለበት። በመስከረም ይህን ያህል ውሃ፣ ለዚህን ያህል ቀን፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ ይለቀቃል ተብሎ፣ በቋንቋቸው፣ አስቀድሞ ይነገራቸው። ግድቡ ይህን ማድረግ ይችላል፤ በሩ በሰው እጅ ነው ያለው። ጀልባ ወራጁም ቢሆን ከእነሱ ጋር አብሮ ይጠቀማል፣ ያ ግን ትርፍ ነው።

ለልጅቷ ዝርዝር ጽፌ ላክሁላት። ሱፍ ልበሺ፣ ጥጥ ተዪ፤ ግድብ ከሥሩ የሚለቀው ውሃ ይቀዘቅዛል። መነጽሩን በማሰሪያ። በደንብ መዋኘት የማትችለው ጓደኛሽ የላይኛውን ጎሊን ለሌላ ዓመት ታቆየው፣ ዘንድሮ የታችኛውን ትሞክር። ከጀልባ ከወደቅሽ እግርሽን ወደ ፊት ዘርግተሽ በጀርባሽ ተንሳፈፊ፣ ውሃው ውስጥ ለመቆም ግን አትሞክሪ፤ እግር ድንጋይ መሃል ከተያዘ ውሃው ወደ ፊት ይደፋሻል። ሁሉንም አነበበችና አመሰገነችኝ። ከዚያ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ቀረ» አለች፤ እናቷ ገና አልሰማችም፣ እንድነግርላት ነው የምትፈልገው። እህቴ ያን ሁሉ ሰኔ ድርቆሽ ስታደርቅ ወዴት እንደምንሄድ አንድ በአንድ ትጠይቀኝ ስለነበር በቀላሉ አትለቀኝም። ዛሬ ማታ ከዜና በኋላ እደውልላታለሁ።